አሥራ አራት ሜትር የባሕር ውሃ

አስራት ባሕር አይወድም። አይወድም ማለት እንኳ ነገሩን ማቃለል ነው፤ ይፈራል። ሜልበርን የባሕር ዳር ከተማ መሆኗን እያወቀ መጥቶ፣ ከመጣ ወዲህ ባሕሯን ከድልድይ ላይ በሩቁ አይቶ ፊቱን ከማዞር በቀር አንድ ቀን ቀርቦ አያውቅም። በበጋ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ወደ ባሕር ዳር ሽርሽር ሲወጣ ሥጋ የሚጠብሰው እሱ ነው፤ መጥበሻው ያለው መኪና ማቆሚያው አጠገብ ስለሆነ። «አስራት፣ እግርህን እንኳ ንከር እንጂ!» እያሉ ሲያሾፉበት «ሥጋው ያርርብኛል» ይላል። በሚኖርበት ብሬብሩክ ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ይስቅበታልም።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ሐኪሞች ባሕር ውስጥ ሊያሰምጡት ነው የተባለው።

ነገሩ የጀመረው ከጫማ ነው። አስራት አውቶቡስ ነጂ ነው። ስኳር አለበት፤ ስኳሩ ደግሞ የእግሩን ስሜት ቀስ በቀስ ሰርቆት ኖሮ አዲሱ የሥራ ጫማ ቀኝ እግሩን ሲልጠው አልታወቀውም። ያወቀችው ሚስቱ አጸደ ናት፤ ካልሲውን ልታጥብ ስታነሣ ሽታው አስደነገጣት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሐኪም ቤት ነው። ቁስሉ አልድን አለ። አንድ ጣቱ ተቆረጠ። የተቆረጠበትም ቦታ ደም ስለማይደርሰው እንደ ደረቀ ቆዳ ጠቆረ።

አስራት ለመንገደኛ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው፤ ለእግሩ ግን አስተርጓሚ ይሻለኛል አለ። ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሰርጅን የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አንድ የማይታወቅ ሐበሻ ከየት እንደሆነ ከማይታወቅ ቦታ ይናገር ጀመር።

«አቶ አስራት፣ እግርዎን ለማዳን የቀረ አንድ ሕክምና አለ ነው የሚሉት። በየቀኑ ይጠልቃሉ።»

«ምን ውስጥ ነው የምጠልቀው?»

አስተርጓሚው ጠየቀ፤ ሰርጅኑ መለሰ፤ አስተርጓሚው ራሱ ግራ እንደገባው ያስታውቅ ነበር። «አሥራ አራት ሜትር… የባሕር ውሃ።»

«በዚህ ቁስል? ባሕር ውስጥ?»

እንደገና ተጠየቀ። ሰርጅኑ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «አዎ፣ የባሕር ውሃ ነው ይላሉ። ብዙ ሰው ጠልቆ በደህና ይወጣል፣ አይፍሩ ብለዋል።»

«ካልጠለቅሁስ?»

«ካልጠለቁ ከጉልበትዎ በታች ይቆረጣል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አስራት እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጥ ነበር። እግሩ ግን በፋሻ ተጠቅልሎ ሰርጅኑ ፊት ተዘርግቷል። ቤት ሲደርስ ለአጸደ የነገራት «ይቆረጥ፣ ይሻለኛል» ብሎ ነው፤ አጸደም የያዘችውን ድስት አስቀምጣ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አስራት ገና ጎረምሳ ሳለ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ተርጓሚ ነበር። ሥራው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ ለተመልካቹ መንገር ነው። የገባውን ይተረጉማል፤ ያልገባውን በድፍረት ይሞላል። ያን ጊዜ የባሕር ውስጥ ጭራቅ ፊልም ፋሽን ሆኖ ኖሮ በአንድ ክረምት ሦስት ካሴት ተከታትሎ መጣ። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ይመስሉ ነበር፤ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ራሱ እየተምታታበት ለአንዱ ከፍሎ የገባውን ሰው ሌላውን ያሳየው ነበር።

አንደኛው ባሕሩ ወለል ላይ የስልክ ሽቦ ስለሚዘረጉ ሠራተኞች ነው። የዚያኛው ጭራቅ ብዙ ክንድ አለው፤ በክንዶቹም የብረት ቤታቸውን ብሎን አንድ በአንድ ይፈታል። ሁለተኛው ስለ ተመራማሪዎች ነው። የሁለተኛው ጭራቅ ተንኮለኛ ነው፤ ውጭ የቀረ ጓደኛ መስሎ በሩን ያንኳኳል፤ ሲከፍቱለት ያልቃሉ። ሦስተኛው የሰመጠ መርከብ ስለሚፈልጉ ጠላቂዎች ሲሆን ጭራቁ ጨርሶ አይታይም፤ መብራቶቹ ብቻ ከሩቅ ወደ ቅርብ ተራ በተራ ይጠፋሉ። በመጀመሪያው ተመልካቹ ይስቅ ነበር። በሁለተኛው ይጮህ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ግን አንድ ሰው እንኳ ብቻውን ሽንት ቤት አልሄደም። አስራት እስከ ዛሬ «የማይታየው ይበልጣል» ብሎ ይከራከራል፤ አጸደ ደግሞ «የሚያንኳኳው ነው» ትላለች፤ ባልና ሚስቱ ከዚህ ሌላ ብዙም የሚጣሉበት ነገር የላቸውም።

ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው። የቀረው ሁሉ አንድ ነው፦ ክብ የብረት በር፣ ሳህን የምታህል መስኮት፣ ቀይ መብራት። በሦስቱም ካፒቴኑ ድንገት «ፕሬዠር!» ብሎ ይጮኻል፤ አስራትም «ካፒቴኑ ደም ግፊቱ ተነሣበት!» እያለ ይተረጉም ነበር፤ ተመልካቹ ለካፒቴኑ ከንፈሩን ይመጥጥ ነበር። በሦስቱም አንድ እግሩ የተጎዳ ሰው አለ። በሦስቱም መጨረሻ ላይ ሌሎቹ ወደ ላይ የሚወጡት ይህ አንካሳ በሩን ከውስጥ ሊዘጋላቸው ስለሚቀር ነው። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ላዘግያችሁ አልፈልግም» ይላል። አስራት ይህችን ሲተረጉም ድምፁን እንዲህ ሰበር ያደርጋት ነበር፤ ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። ካለቀሱት አንዷ አጸደ ናት፤ ትውውቃቸውም ከዚያ ነው።

እንግዲህ አስራት ዛሬ ራሱን ቢያይ ማንን አየ? አንካሳውን።

ስሕተቱን ያረመችው ልጃቸው ሳምሪ ናት። ከምትኖርበት ከሜድስቶን ሰፈር መጥታ ኢንተርኔቱን ስትበረብር ቆየችና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «ኖ ዋተር፣ ዳድ! ጀስት ኤር!» አለች፤ ውሃ የለም፣ አየር ብቻ ነው ማለቷ ነው። ዳይቭ፣ መጥለቅ፣ የሚሉት አነጋገር ነው፤ የባሕር ውሃ የሚሉትም መለኪያ ነው፤ በአንድ ዝግ ክፍል ውስጥ አየሩን አሥራ አራት ሜትር ባሕር ውስጥ የወረዱ ያህል አክብደው ኦክስጅን ያስተነፍሳሉ፣ ያ ኦክስጅን ደም ያልደረሰበት ድረስ ገብቶ ቁስሉን ያነሣሣል። አጸደ «ተመስገን!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። አስራትም ለአፉ ተመስገን አለ። ክፍሉ ምን እንደሚመስል ግን ሳምሪም አልነገረችው፣ እሱም አልጠየቀ።

በቀጠሮው ቀን ሄዶ አየው። ሐኪም ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የተጋደመ፣ ነጭ የተቀባ፣ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ትልቅ የብረት በርሜል ነው። ክብ በር አለው። ሳህን የምታህሉ መስኮቶች አሉት። ዙሪያውን ብሎን ነው። አስራት ብሎኖቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ውሃ ቢሆን ኖሮ «አልዋኝም» ብሎ በኩራት ይመለስ ነበር፤ አሁን ምን ብሎ ይመለሳል? ፊልም አስፈራኝ ይበል?

ሊያን የምትባለው ነርስ ደግ ነበረች፤ ደግነቷ ራሱ አስፈራው። ስልኩን፣ ሰዓቱን፣ ናይለን ልብሱን አስወለቀችው፤ ፀጉሩ ላይ ቅባት እንዳለ ጠየቀችው፤ በዚያ ሁሉ ኦክስጅን መሐል ቅባት እሳት ያስነሣል አለችው። እሳትም ተጨመረ። የጥጥ ፒጃማ አልብሳ ከሌሎች በሽተኞች ጋር አስገባችው፣ እሷም አብራ ገባች። በሩ ተዘጋ። የተዘጋበት ድምፅ እንዴት ያለ ነው ቢሉት አስራት መናገር አይወድም። አየሩ እየጮኸ መግባት ጀመረ፤ ሞቀ፤ ጆሮው ተደፈነ፤ ሊያን አፍንጫቸውን ይዘው እንዲነፉ እያሳየች በፈገግታ ተናገረች።

«ፕሬዠሩ አሁን ይጨምራል።»

አስራት ደም ግፊት አለበት። የስኳሩን ኪኒን ከግፊቱ ኪኒን ጋር ነው የሚውጠው። ይህችን ሴት ዛሬ ነው ያያት፤ ሳትለካው ግፊቱ እንደሚጨምር አወቀች፤ አውቃም ትስቃለች። «ፕሬዠሬ! ፕሬዠሬ!» ብሎ ደረቱን ይዞ ጮኸ። ሊያን የልብ ሕመም መሰላት። ውጭ ያሉት ሰዎች አየሩን አውጥተው ሁሉንም ሰው መልሰው አወጡ፣ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉለት፣ ልቡንም መረመሩት። ልቡ ምንም አልነበረበትም። ከፍርሃት በቀር።

ሰርጅኑ አልተቆጣም። በእርጋታ «ሰኞ እንደገና ሞክር» አለው። «ካልቻልክ ግን ቁስሉ አይጠብቀንም። ሐሙስ ቀጠሮ ይዘንልሃል፤ እንቆርጣለን።»

እሑድ ከሰዓት አጸደ ከምትሠራበት ከዲር ፓርክ መጋዘን ሺፍቷን ጨርሳ ገብታ የሥራ ሰደርያዋን ሳታወልቅ ከፊቱ ተቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለፊልም ብለህ እግርህን ልትሰጥ ነው?»

«ሦስቱንም አስታውሺያቸው እስቲ። አንካሳው ወጥቷል?»

«የሽቦዎቹ ፊልም ላይ ወጥቷል።»

«አልወጣም! የወጣው ወንድሙ ነው። ጢም ያለው።»

አጸደ አሰበች። የተመራማሪዎቹንም አሰበች፣ የጠላቂዎቹንም። ማሰቧ ራሱ አስራትን ይበልጥ አስፈራው፤ ቶሎ ብላ «ሞኝ ነህ» ብትለው ይሻለው ነበር። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እውነትህን ነው፤ በሦስቱም አልወጣም» አለች። «ግን አንካሳው የቀረው በሩን ከውስጥ የሚዘጋ ሰው ስለጠፋ ነው። ስላነከሰማ አይደለም።»

«እዚህስ በር የለም?»

ሰደርያዋን አውልቃ ወደ እሱ ተጠጋች። ዐይኗ እንባ ሞላ። «እኔም እፈራለሁ፣ አስራት። አንተ ያን በርሜል ትፈራለህ፤ እኔ አንተን እዚህ ሶፋ ላይ እግርህን አጥተህ፣ መኪናህን አጥተህ፣ በመስኮት የሌሎችን አውቶቡስ ስትቆጥር ማየት እፈራለሁ። ሥራህ እኮ በዚያ እግር ነው ያለው። እባክህን ግባልኝ።»

ሰኞ ገባ። እንደሚታረድ በግ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

በዚህ ጊዜ ከጎኑ አዲስ ሰው ነበረች፤ ሻሽ ያሰረች፣ ጉንጯ በአንድ በኩል የተጎደጎደ አሮጊት። አስራትን ፊቱን አየችና «ሐበሻ ነህ ልጄ?» አለችው። ፈጡማ ትባላለች፤ የሐረር ሰው ናት፤ መንጋጋዋ ላይ የነበረውን ዕጢ በጨረር አቃጥለውት አጥንቱ አልድን ስላላት ነው የመጣችው። «እኔ እዚህ ጉድጓድ ፈራሁ። አንተ ለመድከው?» ብላ ጠየቀችው።

አስራት እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ የሻሿን ጫፍ እያጠማዘዘች ስትጨምቅ አየ። «ለምጄዋለሁ፣ እትዬ ፈጡማ» አላት። ከውሸት ሁሉ ይህ የእሷን ፍርሃት አይቶ የዋሸው ውሸት ነው፤ ይቅር ይባልለት።

በሩ ተዘጋ። አየሩ ጮኸ። አስራት ዐይኑን ጨፍኖ በልቡ እመቤቴን ተማጸነ፤ ፈጡማም በራሷ መንገድ ታነበንብ ነበር። ዐይኑን ሲገልጥ ከፊቱ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በሁለት ክራንች መሐል ተቀምጧል፤ ከዚያ ወዲያ ያለችው ሴት ተረከዟ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጥግ ያለው ወጣት ጫማ ያደረገው በአንድ እግሩ ነው። ሁሉም አንካሶች ናቸው። አስራት ይህ ደግ ምልክት ይሁን ክፉ መለየት አቃተው፤ የትኛው ነው የሚቀረው?

ታች ደረሱ ተባለ። ያ አሥራ አራት ሜትር የተባለው ቦታ መሆኑ ነው። ሊያን የላስቲክ ቆብ አንገታቸው ድረስ አጠለቀችላቸውና ኦክስጅኑን ማጉ። ከቆይታ በኋላ ለዕረፍት ቆባቸውን አወለቀችላቸው፤ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከውጭ፣ ከብረቱ ወዲያ፣ ድምፅ መጣ።

ኳ። ኳ። ኳ።

ፈጡማ ብድግ አለች። «ሰው ውጭ ቀርቷል! በሩን ክፈቱለት!» ብላ ወደ ክቡ በር አመራች። አስራትም ቁስሉን ረስቶ ከኋላዋ ተነሥቶ ሻሿን ያዘ። «አትክፈቱ! እንዳትከፍቱ! ጓደኛችሁ አይደለም!» እያለ ጮኸ። አንዷ ክፈቱ፣ አንዱ አትክፈቱ፤ ፈረንጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩዋቸዋል። ሊያን በመሐላቸው ገብታ በሁለቱም ትከሻ ላይ እጇን አደረገች።

«የሚጠጣ ውሃ ነው የመጣው» አለች። ግድግዳው ላይ ያለች፣ በውጭም ሌላ መዝጊያ ያላት የዕቃ ማቀበያ ትንሽ መዝጊያ ከፈተች፤ የወረቀት ኩባያዎች ተደርድረው ነበር። ያንኳኩት ውጭ ያሉት ሠራተኞች ናቸው፤ ኩባያው ገባ ማለታቸው ነው። «በሩን ደግሞ ማንም መክፈት አይችልም። እኔም አልችልም። የያዘው ፕሬዠሩ ነው።»

አስራት ቀጥ ብሎ ቆመ። «ማን ነው የያዘው?»

«ፕሬዠሩ። አየሩ ከውስጥ ገፍቶ ይዘጋዋል። ሰው አይዘጋውም። ሰው አያስፈልገውም።»

በሩን አየው። እጀታ ላይ የተንጠለጠለ ሰው የለም። በሩን ሊዘጋ ብሎ የቀረ ሰውም የለም። ካፒቴኑ ይጮኽ የነበረው ስለዚህ ነበር እንዴ? ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ፈጡማ ክንዱን ይዛ «ምን አለች ልጄ? ንገረኝ» አለችው።

አስራትም ተረጎመላት። እዚያው በሩ ሥር ቆሞ፣ ፒጃማው በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ እንደ ጥንቱ ድምፁን ሰበር ሳያደርግ ተረጎመላት። «ግፊት ነው ትላለች። የደም አይደለም፣ የአየር። በሩን የያዘልን እሱ ነው። ስለዚህ ለመዝጋት ብሎ እዚህ የሚቀር ሰው የለም፤ ሁላችንም እንወጣለን።»

«እኔም?»

«እርስዎም። እኔም።»

ፍርሃቱ ለቀቀው ብሎ መጻፍ ደስ ይል ነበር፤ ግን ውሸት ነው። በየቀኑ በሩ ሲዘጋ ዐይኑን ይጨፍናል፤ በየቀኑ ያ ማንኳኳት ሲመጣ አንዴ ይበረግጋል። ፈጡማ ግን በየቀኑ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ እጁንም ትይዛለች። ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም። በዕረፍቱ ሰዓት ሦስቱን ፊልሞች አጫወታት፤ እሷም አንዱን ከሌላው እያምታታች የሽቦዎቹን ጭራቅ በር ታስንኳኳዋለች፣ እሱም ያርማታል፣ በዚህ መሐል ዕረፍቱ ያልቃል። ወጥቶ ቤቱ ሲገባ እግሩን ለማየት አይደፍርም። ፋሻውን የምትለውጠው ከሐኪም ቤቱ የምትላክ ነርስ ናት፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሰርጅኑ የሐሙሱን ቀጠሮ አዛወረው እንጂ አልሰረዘውም። እግሩ ይቆረጥ አይቆረጥ እንደሆነ የሚታወቀው የዳይቩ ተራ ሲያልቅ ነው።

ዳይቩ አለቀና የመጨረሻው ምርመራ ደረሰ። አጸደ ሺፍት መቀየር አልቻለችም፤ አስራት ብቻውን አልጋው ላይ ተጋደመ። ሰርጅኑ ፋሻውን ፈታ። መብራቱን አስጠግቶ ጎንበስ አለ። አስራት የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ። ሰርጅኑ ምላጭ የመሰለ መሣሪያ አንሥቶ የቁስሉን ጠርዝ ፋቅ አደረገ። አስራት ሳያስበው ወደ ታች አየ።

የጠቆረው ቦታ የለም። በቦታው ቀይ ሥጋ ነው፤ ከዚያ ቀይ ሥጋ ላይ ደም ጠብ፣ ጠብ እያለ ወደ ተረከዙ ይወርዳል።

«ገደልከኝ!» አለ አስራት በአማርኛ።

ሰርጅኑ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። «ደም!» አለ፣ በጓንቱ እየጠቆመ። «ደም ደርሶታል ማለት ነው። የሞተ ሥጋ አይደማም። ያንን ቀጠሮ እሰርዘዋለሁ፤ እግርህ የራስህ ነው።»

አስራት ስልኩን አወጣ። ዲር ፓርክ ደወለ። አጸደ በሁለተኛው ጥሪ አነሣች፣ ከኋላዋ የመጋዘኑ ማሽን ይጮኻል።

«ደማ!» አላት። ሌላ ቃል አልመጣለትም። «አጸደ፣ እግሬ ደማ! ዝም ብሎ ይደማል!»

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! ምን አደረጉህ?»

«ደማልኝ እልሻለሁ! ዶክተሩም ደስ ብሎታል፤ አይቆረጥም!»

አጸደ በዚያ ሁሉ ካርቶን መሐል ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። አብረዋት የሚሠሩት ፈረንጆች ማን ሞተ ብለው እየተጯጯሁ ወደ እሷ ሲሮጡ አስራት በስልኩ ሰማ።